እናቴን ማሽን ላይ ያንቀጠቅጣታል፤ «ካቴተሩ ይውጣ» ተብለናል፤ ምን ላድርግ?

የኮዬዋ (ሰኞ ማታ 3:10)

ሰላም ለዚህ ቤት። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ስኳርና ግፊት ተጋግዘው ኩላሊቷን ከጨረሱት 7 ወር አለፈ። በሳምንት 2 ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ የኩላሊት እጥበት ትገባለች። በቀኝ አንገቷ ገብቶ በደረቷ ቆዳ ሥር አልፎ የሚወጣው፣ «ፐርማኔንት» የሚሉት ካቴተር (ደሟ ወደ ማሽኑ የሚመላለስበት ቱቦ) ነው ያላት።

ከ2 ሳምንት በፊት ማሽን ላይ በተገጠመች በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጥርሷ እስኪንገጫገጭ አንቀጠቀጣት። ብርድ ልብስ ደራረብንላት፣ አለፈ፤ ቤት ስንገባ ምንም እንዳልነካት ሆነች። አክስቴ «ምች ነው» ብላ ዳማ ከሴ ጨምቃ በቡና ሰጠቻት። በሚቀጥለው ዓርብም ያው ሆነ። በማግስቱ እዚሁ ሰፈር ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ደም መርምረው «ታይፎይድም ታይፈስም አለባት» አሉና የ7 ቀን ክኒን ሰጡን። ትኩሳቱ ጠፋ፤ ማክሰኞን በሰላም አለፈች። እኔም ተመስገን ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ባለፈው ዓርብ ግን ማሽን ላይ እያለች የላይኛው ግፊቷ 80 ገባ። ስሟን ስጠራት የምትመልስልኝ ሌላ ነገር ሆነ። ያኔውኑ ተኛች። ደም ወስደው ካልቸር (ጀርሙን አብቅሎ የሚለይ ምርመራ) ላኩ፤ በደም ሥር የሚሰጥ 2 ዓይነት መድኃኒት ጀመሩላት። ዛሬ ትኩሳቷ ወርዷል፣ ሾርባም ጠጥታለች። ሐኪሞቹ ግን «መነሻው ካቴተሩ ነው፤ መውጣት አለበት» ይላሉ። እማዬ ደግሞ «ይህን ሲያስገቡብኝ ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው፤ ትኩሳቱ ከለቀቀኝ ለምን ይነካል?» ብላ እምቢ አለች። እኔም ለአዲሱ የምከፍለውን ከየት እንደማመጣ እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ነርስ ከቱሉ ዲምቱ (ሰኞ ማታ 3:42)

አይዞሽ እህቴ፤ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። የእጥበት ክፍል ነርስ ነኝ፤ 9 ዓመት ሆነኝ።

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካን የሌለው ቤት የለም። ጀሪካን ብዙ ሲቆይ ውስጡ የሚያሟልጭ አረንጓዴ ነገር ይይዝ የለ? ውሃውን ደፍተሽ ሌላ ብትሞዪበት ለጊዜው ጥርት ይላል፤ ግድግዳው ላይ የያዘው ግን እዚያው ነው። የካቴተሩም ውስጥ እንዲሁ ነው። ጀርሞቹ ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቀው በሚያሟልጭ ሽፋን ራሳቸውን ይከልላሉ፤ ባዮፊልም ይባላል። መድኃኒቱ ደም ውስጥ የሚዞሩትን ይገድላል፣ ትኩሳቱም ይወርዳል። ከሽፋኑ ሥር ያሉት ይተርፋሉ። ማሽኑ ሲነሳ ደሙ በዚያች ቀጭን ቱቦ በኃይል ሲያልፍ ይጠርጋቸውና ወደ ልብ ይዟቸው ይሄዳል። እናትሽን ማሽን ላይ ሲሆኑ የሚያንቀጠቅጣቸው፣ ቤት ሲገቡ ደግሞ የሚተዋቸው ለዚህ ነው። ምችም ታይፎይድም የማሽን ሰዓት ጠብቆ አይመጣም።

ሌሎቻችሁም ይህን ያዙልኝ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው የሰውነቱ ሙቀት ከድሮውም ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ክፍል 37.8ን እንደ ትኩሳት ነው የምንቆጥረው። በዕድሜ የገፉትና ስኳር ያለባቸው ጭራሽ ሳያተኩሳቸው ግፊታቸው ይወርዳል፣ ያስመልሳቸዋል፣ ወይም እንደ እናትሽ ይቀባዥራሉ። ቴርሞሜትሩን ብቻ አትመኑ።

ላብራቶሪ ገላን (ማክሰኞ ጠዋት 1:15)

የካልቸሩ ውጤት ምን ይላል? መቼና ከየት ተወሰደ? መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ከሆነ፣ ከካቴተሩ አንድ ከእጃቸውም አንድ ከሆነ፣ ጥሩ ሥራ ሠርተዋል። ከእጅ ሲወሰድም ከመዳፍ ጀርባ ቢሆን ይመረጣል፤ የክንዳቸው ደም ሥር ወደፊት ለእጥበት ይፈለጋል።

ስለ ክሊኒኩ መናገር የግድ ነው። በአንድ ጊዜ የዊዳልና የዌይል ፌሊክስ ምርመራ ብቻ «ታይፎይድም ታይፈስም» ማለት ሰፈሮቻችን ውስጥ የተለመደ ነው። ሁለቱም በቀድሞ ሕመም ወይም በሌላ ኢንፌክሽን ፖዘቲቭ ሊሉ ይችላሉ። ለጤነኛ ጎረምሳ ጉዳቱ ገንዘብ ይሆናል። አንገቱ ላይ ካቴተር ላለበት ሰው ግን 2 ጉዳት አለው። አንደኛ፣ የጠፋው ሳምንት። ሁለተኛ፣ ክኒኑ ጀርሙን ሳይገድል ያደክመውና ካልቸሩ ላይ ሳያበቅል ይቀራል፤ ያኔ ሐኪሙ በጨለማ ነው የሚያክመው።

ጠርሙሱን ራሳችሁ ይዛችሁ ወደ ከተማ ላብራቶሪ እንድትወስዱ የምትታዘዙ ካላችሁ፦ ፍሪጅ ውስጥ እንዳታስገቡት፣ በረዶም እንዳትጨምሩበት። እንደ ሽንት ወይም እንደ ሌላ ናሙና አይደለም፤ ቅዝቃዜ ጀርሙን ይጎዳዋል። በክፍል ሙቀት ይዛችሁ፣ ብትችሉ በ2 ሰዓት ውስጥ አድርሱት። ከኮዬ ወይም ከገላን ከሆነ መንገዱ እንደሚያቆያችሁ አስባችሁ በጠዋት ውጡ። በአዋቂ ሰው አንዱ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ይፈልጋል። 2 ሚሊ ሊትር ጠብ አድርጎ «አልበቀለም» ማለት ምርመራ አይባልም።

የኮዬዋ (ማክሰኞ ቀን 7:30)

እግዜር ይስጥልኝ። አዎ፣ ከካቴተሩም ከእጇም ወስደዋል፤ በደም ሥር የሚሰጠው ከመጀመሩ በፊት ነው። ክኒኑን ግን እየዋጠች ነበር። ቢሆንም በቅሏል። ዛሬ የሰጡኝ ወረቀት «ስታፊሎኮከስ ኦውሬየስ» ይላል፤ ከሥሩ የመድኃኒት ዝርዝር አለ፤ ሴፎክሲቲን የሚለው ጎን «ሴንሲቲቭ» ተጽፏል። ምን ማለት ነው?

አንድ ሌላ ነገር፤ ቫንኮማይሲን ሲሰቀልላት ፊቷና አንገቷ ቀልቶ አሳከካት። አለርጂ ነው?

ላብራቶሪ ገላን (ማክሰኞ ቀን 7:51)

ሴፎክሲቲን ላይ ሴንሲቲቭ ከሆነ ጀርሙ ሜቲሲሊንን የሚቋቋመው፣ ብዙ የተለመዱ መድኃኒቶች የማይገድሉት ዓይነት አይደለም ማለት ነው። መልካም ዜና ነው።

ፋርማሲስት አቃቂ (ማክሰኞ ቀን 8:20)

ማሳከኩ ብዙ ጊዜ እውነተኛ አለርጂ አይደለም፤ ቫንኮማይሲን በፍጥነት ሲፈስ የሚመጣ ነው። 1 ግራም ቢያንስ 1 ሰዓት፣ ቢቻል ከዚያም በላይ ይፍሰስ። ትንፋሽ ካጠራት ወይም ግፊቷ ከወረደ ግን ሌላ ነገር ስለሆነ ወዲያው ይነገራቸው።

ዋናው ነገር፣ ጀርሙ በሴፋዞሊን የሚሞት ከሆነ ቫንኮማይሲን ላይ መቆየት አያስፈልግም። ለዚህ ጀርም ሴፋዞሊን የተሻለ ገዳይ ነው፤ ሐኪሞቹ ሲቀይሩት «መድኃኒት አወረዱብን» ብለሽ እንዳትከፊ። ለእጥበት ታካሚ የሚመችም ነው። ኩላሊቱ ስለማያስወጣው እያንዳንዱ እጥበት ሲያበቃ ይሰጣል፣ እስከሚቀጥለው ይቆያል፤ በየቀኑ መወጋት የለም። የተለመደው ስሌት ከ2 ቀን በኋላ ለሚመለስ ሰው 2 ግራም፣ ከ3 ቀን በኋላ ለሚመለስ 3 ግራም ነው። ይህ ስሌት ግን የተሠራው በሳምንት 3 ጊዜ ለሚታጠብ ነው! እናትሽ ከዓርብ እስከ ማክሰኞ 4 ቀን ይሄዳሉ። ያች 4ኛ ቀን በምን እንደምትሸፈን ሐኪሙን ለይተሽ ጠይቂው። እዚህ አገር ብዙ ሰው በገንዘብ ምክንያት በሳምንት 2 ጊዜ ስለሚታጠብ ይህ ጥያቄ ትንሽ ጥያቄ አይደለም።

ጄንታማይሲን እየተሰጣት ከሆነም ውጤቱ ከታወቀ በኋላ መቆም አለመቆሙን አረጋግጪ። ጆሮ ይጎዳል፤ የሄደ መስማት ደግሞ አይመለስም።

ሬዚደንት (ማክሰኞ ማታ 2:05)

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ እናትሽን አላየኋቸውም፤ የሚያክሟቸው ሐኪሞች ቃል ከእኔ ይቀድማል። ግን ኦውሬየስ ከሆነ ሐኪሞቹ ያሏችሁ ትክክል ነው፤ ካቴተሩ መውጣት አለበት።

ሁልጊዜ ይወጣል ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባል። ጀርሙ ቀለል ያለው የቆዳ ስታፍ ቢሆን፣ ታካሚው ቢረጋጋ፣ ትኩሳቱ በ2 እና 3 ቀን ውስጥ ቢጠፋ፣ ካቴተሩ በቆዳ ሥር ያለፈበት መንገድ ባይቀላና መግል ባይይዝ፣ በሽቦ ተመርቶ በአዲስ መቀየር ወይም አንቲባዮቲክና ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ቀላቅሎ ከእጥበት እጥበት ካቴተሩ ውስጥ መቆለፍ ይቻላል። በኦውሬየስ ላይ ግን ይህ መቆለፍ ብዙ ጊዜ ይከሽፋል። ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ወይም ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ሲሆንም ይወጣል። ግፊት ከወረደም ይወጣል፤ የእናትሽ 80 ገብቷል። በእሳቸው ላይ 2 ምክንያት ተደራርቧል።

ከወጣ በኋላ ካልቸር ይደገማል። በመሃል እጥበት ቢያስፈልጋቸው ለጥቂት ቀን ብቻ ጊዜያዊ ካቴተር ይገባል፤ ደማቸው መጥራቱ ሲረጋገጥ አዲሱ ፐርማኔንት ይገባል። የልብ አልትራሳውንድም፣ ኢኮ የምንለው፣ መታየት አለበት፤ ይህ ጀርም የልብ ቫልቭ ላይ መቀመጥ ይወዳል። ቫልቩ ነጻ ከሆነ 4 ሳምንት አካባቢ፣ ከተነካ ቢያንስ 6 ሳምንት መድኃኒት ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ትኩሳቱ ከወረደበት ቀን ሳይሆን ካልቸሩ ንጹሕ ከሆነበት ቀን ነው።

የሰበታው (ማክሰኞ ማታ 3:30)

ይህን ለእናትሽ አንብቢላቸው።

እትዬ፣ እኔም እንደ እርስዎ ብያለሁ። ከ4 ዓመት በፊት በክረምት ነው። ያው ማንቀጥቀጥ፣ ያው ጀርም። ካቴተሩ ይውጣ ሲሉኝ «ስፌቱ ገና ሳይደርቅ ሌላ ልትወጉኝ ነው?» ብዬ ፈርሜ ወጣሁ። መድኃኒቱን 10 ቀን ወሰድኩ። እንዴት እንደ ተሻለኝ! በልቼ፣ ተጫውቼ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ አስቀድሼ። መድኃኒቱንም ተውኩት።

3 ሳምንት ሳይሞላ ወገቤን ያዘኝ። ጤፍ ሳወርድ የተቀጨሁ መስሎኝ ወጌሻ ጠራሁ፤ 2 ጊዜ ታሸሁ። ሌሊት መገላበጥ አቃተኝ። አንድ ጠዋት ከአልጋ ልነሳ ስል ግራ እግሬ እሺ አላለኝም። ኤም አር አይ ተነሳሁ፤ ጀርሙ ከካቴተሩ ተነስቶ አከርካሪዬ ላይ ተቀምጦ መግል ሠርቷል። 8 ሳምንት መድኃኒት። ካቴተሩም ያው ወጣ፤ ያውም ከሁሉ በፊት። እግሬ ተመልሷል፣ ግን እስከ ዛሬ ደረጃ ስወርድ ግድግዳ ይዤ ነው።

ያኔ አውጥቼው ቢሆን የሚያመኝ አንድ ቀን ነበር። የሚያደነዝዝ መርፌ ይሰጥዎታል፤ መውጣቱ ከመግባቱ ይቀላል፣ በእግዚአብሔር ስም እነግርዎታለሁ። በእነዚህ ሳምንታት ወገብዎን ካመመዎት ደግሞ «ጎኔ ነው፣ ብርድ ነው» ሳይሉ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ወለተ ማርያም (ረቡዕ ጠዋት 12:40)

እህቴ እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ እናቴን እንጦጦ ማርያም ጠበል ልወስዳት አስቤ ነበር፤ እሷም ካቴተር አላት። ይህን ሳነብ ፈራሁ። ጨርሶ አይቻልም?

ነርስ ከቱሉ ዲምቱ (ረቡዕ ጠዋት 1:05)

ይቻላል እህቴ፤ ደረት ላይ እንዳይፈስ ብቻ ነው። ልብስ አውልቆ ከላይ መጠመቅ አይሆንም፤ ጋዙ ይርሳል፣ እርጥበቱ ጀርሙን በቆዳው ቀዳዳ ያስገባዋል። ለአጥማቂው አባት ካቴተሩን አሳይተሽ ንገሪያቸው። እኔ የማውቃቸው ታካሚዎች በፊታቸውና በእጃቸው ተረጭቶላቸው፣ ጥቂት ቀምሰው ነው የሚመለሱት። ጥቂት ያልኩት የመጠጥ መጠናቸው ስለተወሰነ ነው፤ በጀሪካን መጠጣት ሳንባቸው ላይ ውሃ ያስቋጥራል።

አቡ ከቡራዩ (ረቡዕ ጠዋት 1:30)

አላህ ያሽራቸው። ለሙስሊም ወንድም እህቶቼም፦ ውዱእ ችግር የለውም፤ ገላ መታጠቡ ላይ ነው የተቸገርኩት። ኢማማችንን ጠይቄ በተየሙም (በውሃ ፋንታ በንጹሕ አፈር) አቅልለውልኛል። እናንተም የየመስጊዳችሁን ጠይቁ፤ በራሳችሁ እንዳታረጥቡት።

ነርስ ከቱሉ ዲምቱ (ረቡዕ ጠዋት 1:48)

በዚሁ ስለ ጥንቃቄው ልጨምር፤ የማየው ስለሚያሳዝነኝ ነው። ካቴተሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ነርሷም ታካሚውም ማስክ ያድርጉ። ታካሚው ፊቱን ወደ ሌላ ጎን ያዙር። ነርሷ እጇን ታጥባ፣ ጓንት አድርጋ፣ የቱቦውን አፍ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በአልኮል ጥሩ አድርጋ ትፈትግ። ካቴተሩ የሚወጣበት የቆዳ ቀዳዳ በክሎርሄክሲዲን ይጸዳ፣ እስኪደርቅ ይጠበቅ፣ ከዚያ ይሸፈን። ይህ ሲዘለል ካያችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ «ሲስተር፣ ማስክ ላድርግ?» ማለት ብቻ ይበቃል። ሰው በሚበዛበት ሰዓት የምንረሳ አለን፤ እውነቱን ነው የምናገረው። ጠያቂ ታካሚ አስቆጥቶኝ አያውቅም።

ከሁሉም በላይ ግን፣ ሰፈር ክሊኒክ ሄዳችሁ «ደም ሥሯ ጠፋን፣ በዚህ ግሉኮስ እንስቀል» ካሏችሁ እምቢ በሉ። ውስጡ ሄፓሪን ተቆልፏል፤ ወደ ሰውነት ከተገፋ ያደማል። ክዳኑ በአግባቡ ካልተያዘ አየር ይገባል። ያ ካቴተር ከእጥበት ክፍል ውጭ መከፈት የለበትም።

ውሃ እኛ ዘንድ እንደምታውቁት ነው፤ ከወገብ በታች በጣሳ፣ ፀጉር ደግሞ ሌላ ሰው ወደ ኋላ ደገፍ አድርጎ ይጠብላቸው። ታክሲ ስትጠብቁ የኮዬ አቧራ ሲነሳ በነጠላ ሸፍኑላቸው፤ ነጠላው ራሱ ንጹሕ ይሁን።

የኮዬዋ (ዓርብ ማታ 2:15)

አወጣነው። የሰበታውን ወንድማችንን ጽሑፍ ማክሰኞ ሌሊት በስልክ መብራት አነበብኩላት። ሲያልቅ ብዙ ዝም አለችና «ደረጃ ስወርድ ያለውን መልሰሽ አንብቢው» አለችኝ። አነበብኩት። ረቡዕ ጠዋት ለሐኪሙ ራሷ ነገረችው።

መውጣቱ 20 ደቂቃ አልፈጀም። በዚያው ቀን ካልቸር ደግመዋል። ዛሬ በብሽሽቷ በገባ ጊዜያዊ ካቴተር ታጥባለች፤ 4 ሰዓት ሙሉ እጇን ይዤ ጠበቅኩ፣ አልተንቀጠቀጠችም። ኢኮውም ቫልቩ ንጹሕ ነው ብሏል። ሴፋዞሊን ጀምረዋል። ስለ 4ኛዋ ቀን ስጠይቅ ዶክተሩ ቆም ብሎ አሰበና ለጥቂት ሳምንት በሳምንት 3 ጊዜ እንድትታጠብ አዘዘ። ገንዘቡን የዕቁብ ዳኛችን ዕጣዬን አስቀድመው ሰጡኝ፤ ሁሉም አባል ተስማምቶ ነው። ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም።

የሰበታው (ዓርብ ማታ 2:40)

እልል! ለእትዬ ሰላም በይልኝ።

ሬዚደንት (ቅዳሜ ቀን 6:10)

የረቡዕ ካልቸር ንጹሕ ከሆነ ቆጠራው ከረቡዕ ነው። በስልክሽ ላይ ምልክት አድርጊ። አሁን ደግሞ ስለ ፊስቱላ ጠይቂ። በክንድ የደም ቅዳና የደም መልስ ተጋጥሞ የሚሠራ ነው፤ ፕላስቲክ ስለሌለበት ጀርም የሚጣበቅበት ቦታ የለውም። ለመድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይፈጃል። ለዚህ ነው ዛሬ የሚጀመረው። የማትጽፍበትን እጅ ከአሁን ጀምሮ ለግፊት መለኪያም ለመርፌም አትስጡ። ንቅለ ተከላ የምታስቡም ካላችሁ፣ በጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ግን ደም ውስጥ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ሳይድን አይገባም።

የኮዬዋ (ከ2 ወር በኋላ፣ እሑድ ቀን 9:00)

ለጠየቃችሁኝ ሁሉ። መድኃኒቱን 4 ሳምንት ሙሉ ጨርሳለች። ከጨረሰች ከሳምንት በኋላ ካልቸር ደገሙ፤ ምንም አልበቀለም። በአንገቷ አዲስ ካቴተር አለ፤ ፊስቱላውም በግራ ክንዷ ከተሠራ 5 ሳምንቱ ነው። ስሙን ስንናገር ዘመዶቻችን ደነገጡ፤ ፊስቱላ ሲባል የሐምሊን ሆስፒታል የሚያክመውን የወሊድ ጉዳት ነው የሚያውቁት። እጇን አስይዘን ደሙ ሲያልፍበት የሚሰማውን ንዝረት ስናሳያቸው ተረጋጉ። ንዝረቱን በየቀኑ ጠዋት ጸሎቷን ስትጨርስ ትዳስሳለች፤ ከጠፋ በዚያው ቀን እንድትመጣ ነው የተነገራት። ፊስቱላው እንዲጠነክር የልጄን የጎማ ኳስ ወስዳ ስትጨምቅ ትውላለች።

ሰንዳፋ 21 (እሑድ ማታ 4:25)

ይቅርታ፣ አሁን ነው ያገኘሁት። ባለቤቴ ካቴተር አለው፤ ትናንት ማሽን ላይ አንቀጠቀጠው፤ አሁን ቤት ነው፣ ትኩሳቱ 38 ነው፤ ይቀባዥራል። እስከ ነገ ልቆይ? ቤት ውስጥ የተረፈ ሲፕሮ አለ።

የኮዬዋ (እሑድ ማታ 4:27)

እህቴ፣ አትቆዪ። ሲፕሮውን እንዳትሰጪው። አሁኑኑ መኪና ፈልጊ፣ ድንገተኛ ክፍል ያለው ትልቅ ሆስፒታል ውሰጂው፤ ስትደርሺ «የእጥበት ካቴተር አለው፣ ማሽን ላይ አንቀጠቀጠው፣ አሁን ይቀባዥራል» ብለሽ ጀምሪ። መድኃኒት ከመጀመራቸው በፊት ካልቸር ይወስዱ እንደሆነ ጠይቂ። ካቴተሩን ማንም ግሉኮስ እንዳይሰቅልበት። ስልኬ ክፍት ነው፤ መንገድ ላይ ሆነሽ ጻፊልኝ።

ሰንዳፋ 21 (እሑድ ማታ 4:41)

ተነሥተናል።